«ሥራ የሌለው» ሽቦ

ሆሳዕና ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ድንጋይ ያስመጣል፣ ቀጥሎ አናጢ ይጠራል፣ ቀጥሎ ለሳኝ፣ ቀጥሎ ቀለም ቀቢ። ቀለሙ ሲደርቅ እኔን ይጠራኛል። «ነይ መብራት አስገቢልን» ይላል፣ መብራት እንደ ሶፋ በበር የሚገባ ይመስል። መሮና መዶሻ ይዤ ግድግዳውን ልቦረቡር ስነሳ ደግሞ ሚስትየዋ ቤቷን ላፈርስ የመጣሁ ያህል ታፈጥብኛለች። ጃጁራም ሄጄ ያው ነው፣ ዱራሜም ያው ነው። የሽቦው ቱቦ ከልስን በፊት ይቀበራል ብዬ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔና ጉሮሮዬ ነን የምናውቀው።

ስለዚህ የሰፈራችን እድር አዳራሽ ሊያሠራ ተነስቶ፣ ግድግዳው ገና ሳይለሰን ሲጠራኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የጠቆመችኝ አክስቴ ናት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏን የቀበረላት ይሄው እድር ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ለቅሶ በሆነ ቁጥር ወጥ ቤቱን የምትመራው እሷ ሆነች። ቆጮው መድረሱን፣ ንፍሮው መብሰሉን፣ ሻይ ያላገኘ ሰው መኖር አለመኖሩን እሷን ነው የሚጠይቁት።

«ለአዳራሹ ብቻ አይደለም፣ ለወጥ ቤቱም አስቢበት» አለችኝ። «እኛ እዚያ ውስጥ ስንውል ከውሃ ወጥተን አናውቅም።»

አሰብኩበት። ወረቀት ዘርግቼ መድረኩ የት እንደሚሆን፣ ድምፅ ማጉያው ከየት እንደሚሰካ፣ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ስልኩን የት ቻርጅ እንደሚያደርግ ሣልኩ። ለኢንተርኔቱም ለብቻው ቱቦ አወጣሁለት። ይሄ ቅንጦት አይደለም። በሰፈራችን ልጁ ደቡብ አፍሪካ ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው፤ አባቱ ሲሞት መምጣት ያልቻለ ልጅ ለቅሶውን በስልክ ነው የሚቀመጠው። ምስሉ ቀጥ ሲልበት «አሁንስ አልቀበሩትም አይደል?» እያለ የሚጮኸውን ሰምቻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የሣልኩት ግን የወጥ ቤቱን ነው። እነዚያው ደቡብ አፍሪካ ያሉ ልጆች ለእድሩ ትልቅ የብረት ውሃ ማፍያ ገዝተው ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ሁልጊዜ እርጥብ፤ ሴቶቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው ወይም በነጠላ ጫማ። ስለዚህ ከማፍያው ተነስቶ በግድግዳው የሚወርድ፣ ውጭ መሬት ውስጥ ከሚቀበር ዘንግ ጋር የሚታሰር አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ፣ እኛ ግራውንድ የምንለውን፣ በደማቁ አሰመርኩ።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበራችን የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ይወዳቸዋል፣ እኔም እወዳቸዋለሁ፣ እንደዚያም ሆኖ ያናድዱኛል። ተነስተው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» አሉና ከየቤቱ ሽቦ እንዲመጣ አስወሰኑ። የገንዘብ መዋጮ አይደለም፣ ሽቦ ራሱ። በእኛ እድር ይሄ የነበረ ነገር ነው። ሰው ሲሞት ከአንዱ ቤት ፍልጥ፣ ከአንዱ ቆጮ፣ ከአንዱ ውሃ ይመጣል፤ የመጣው ደግሞ አይመለስም። ፍልጥህ እርጥብ ነው ብሎ መመለስ ሰውየውን ራሱን ከእድሩ መመለስ ነው። ለፍልጥ ጥሩ ሥርዓት ነው። እርጥብ ፍልጥ ቢጨስ ዓይን ያስለቅሳል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል? ሽቦ ግን ፍልጥ አይደለም!

መጣ። በዓለም ላይ ያለ የሽቦ ዓይነት ሁሉ መጣ። አደባባዩ አጠገብ ሱቅ ያለው የጉራጌ ቤተሰብ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ አዲስ ጥቅልል ደህና ሽቦ አመጡ። ሌላው ሞርሲቶ ከተማ ከፈረሰ ቤት ነቅሎ፣ ምስማር የወጋውን አመጣ። አንዱ የበር ደወል ሽቦ። አንድ አስተማሪ ደግሞ የኮምፒውተር ኔትወርክ ገመድ ይዞ መጣና ውስጡን ከፍቶ አሳየኝ፦ «እይው፣ ስምንት ሽቦ ነው ያለው። ስምንት አምፖል ያበራል።» ለአምፖል እንደማይሆን፣ ለኢንተርኔቱ ግን እንደሚሆን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። የእሱ ብቻ ሳይበራ ሊቀር ነዋ! ሁሉም ሰው በልቡ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ለቅሶ ሊደርስ ሲገባ ቀና ብሎ «ያቺ የእኛ ቤት መብራት ናት» ማለት።

እኔም እንደምንም አመቻቸሁት። ቀጫጭኑን ለአምፖል፣ ወፍራሙን ለሶኬት፣ የተበሳውን ቆራርጬ ደህና ደህናውን ለየሁ። ግራውንዱ ግን ሰው አጣ። ሊቀመንበሩ ወረቀቴ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ጠየቁኝ።

«ይሄ ምኑን ያበራል?»

«ምንም አያበራም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ችግር ካልመጣ ምንም አይሠራም። ማፍያው ውስጡ ከተበላሸ ኮረንቲው ወደ ብረቱ ይወጣል። ይሄ ሽቦ ካለ ኮረንቲውን ወደ መሬት ያወርደዋል፣ ብሬከሩም መብራቱን ይቆርጣል። ከሌለ ብረቱን የነካው ሰው ራሱ ሽቦ ይሆናል።»

«እንግዲህ ለሥራ የሌለው ሽቦ ማንን ላስቸግር?» አሉና ሳቁ። ቤቱም አብሮ ሳቀ።

አክስቴ አልሳቀችም። ማታውኑ እንደገና አስረጂኝ ብላ እያንዳንዱን ነገር ጠየቀችኝ። በነጋታው ሱቅ ሄደን አረንጓዴና ቢጫውን እኔ መረጥኩ፣ እሷ ገዛች። አዳራሹ ድረስ ራሷ ተሸክማ ወስዳ «ይሄ የወጥ ቤቱ ሴቶች ሽቦ ነው» ብላ አስረከበች። እኔም ከማፍያው ቦታ እስከ ውጭው ግድግዳ ዘረጋሁት። የሚቀረው ዘንጉን መቅበርና ማሰር ብቻ ነበር፤ ዘንጉ ደግሞ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቅ ነበር። እስከዚያ ማፍያውን ማንም እንዳይሰካ ተናግሬ፣ የጀመርኩትን ቤት ልጨርስ ወደ ሙዱላ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየሁት በስልክ ነው። ምርቃቱን ደቡብ አፍሪካ ላሉት ልጆች በቀጥታ አስተላልፈውት ነበርና ቪዲዮው ለኔም ደረሰኝ፤ የደረሰኝ ግን ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ቀኑን ያስቀደሙት ለበዓል የመጡ ልጆች ሳይመለሱ ይመረቅ ብለው ነው። ሊቀመንበሩ መድረክ ላይ ቆመው ይናገራሉ።

«ይህች እህታችን ባሏን ያጣች፣ ካላት ላይ የሰጠች ናት። የእሷን ሽቦ አፈር ውስጥ ልንቀብረው ነበር። በዚህ እድር ሰው እንቀብራለን እንጂ ስጦታ አንቀብርም!»

ጭብጨባ፣ እልልታ። ሬዲዮ የሚጠግን አንድ አባላችን ሽቦዋን ከወጥ ቤቱ ግድግዳ መዝዞ፣ ከመድረኩ በላይ ላለው ትልቁ አምፖል ዘርግቶት ኖሯል። ማብሪያውን ራሷ እንድትጫን ጠሯት። ቪዲዮው ላይ ትታያለች፤ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ አንገቷን ደፍታ ሄዳ ተጫነችው። በራ። እንደገና አጨበጨቡ።

ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ያ ሽቦ ለምን እንደተገዛ ታውቃለች። ግን ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያጨበጨበላት፣ እንባ የተናነቃቸው ሽማግሌ ስሟን እየጠሩ፣ «ኧረ መልሱት፣ ለዚህ አይደለም» ብላ እንዴት ታሳፍራቸው? ይሉኝታ! ይሄ ይሉኝታ የሚባል ነገር በአገራችን ስንት ሰው እንደጨረሰ የሚቆጥር ቢገኝ እኮ ከወባ ይበልጥ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በሰፈሩ ሰው ሞተ። አዳራሹ ሞላ። ማፍያው ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው ተባለና ተሰካ። አክስቴ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ገልብጣ፣ በእርጥብ እጇ ክዳኑን ልታስተካክል ያዘችው። ልትለቀው አልቻለችም። አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም አሉኝ። ከሴቶቹ አንዷ የእንጨት በርጩማ አንስታ ክንዷን ባትመታት ኖሮ ዛሬ ይሄን የምጽፈው በሌላ ሆድ ነበር።

ከሙዱላ በዱራሜ፣ በአንጋጫ አድርጌ ስመጣ መንገዱን አላስታውሰውም። ሆስፒታል ስደርስ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል። ጣቶቿን አታንቀሳቅስም። አልጋዋን የእድሩ ሰዎች ከበውታል፣ ሊቀመንበሩ ጸሎት እያሳረጉ ነበር። ጨረሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጌታ ነው ያተረፋት ልጄ። ሰይጣን ወጥ ቤታችን ገብቶ ነበር።»

«ሰይጣን ሽቦ ሲነቅል አይቼ አላውቅም ጋሼ!» አልኩ። ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። «የነቀላችሁት እናንተ ናችሁ! እጇን ይጠብቅላት ብላ የገዛችውን ወስዳችሁ አምፖል ላይ ሰቀላችሁት፣ እሷኑ ማብሪያ አስጫናችሁ አጨበጨባችሁባት! አክብራችኋት ልትገድሏት ነበር!»

አንድ ነርስ መጥታ አስወጣችኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌ ተላከ። እኔ ጋ! እድሩ አክስቴን ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ ወንበር ጠርጌ አስቀመጥኳቸው፣ «ጡማ፣ ጡማ» ተባብለን በሃድይኛ ሰላም ተባባልን፤ ለካ የመጡት በታመመ ሰው ፊት ሊቀመንበሩን ደፍረሻልና ይቅርታ ጠይቂ ሊሉኝ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ሳቄ መጣ፣ ከሳቄ በስተኋላ ደግሞ እንባዬ።

«እሺ» አልኳቸው። «ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆመን፣ ያ ሽቦ መሬት ከገባ በኋላ። እስከዚያ ግን ብሬከሩን አውርጄ ሳጥኑን ቆልፌዋለሁ፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። ለቅሶ ከመጣ እንደ ድሮው በፍልጥ አፍሉ፤ ሲጨስ ብቻ ነው የምታለቅሱት።»

ተያዩ። ከመካከላቸው አንደኛው፣ በዕድሜ የሚበልጡት፣ «ልጅቷ እውነቷን ነው» አሉና ተነሱ።

ዘንጉ ከአዲስ አበባ ሲደርስ ሊቀመንበሩ ራሳቸው መጡ። ዶማ ይዘው። ዘንጉ የሚገባበትን ጉድጓድ እኔ ባሳየኋቸው ቦታ ራሳቸው ቆፈሩ፣ ሌላ ሰው እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። ላባቸው እየተንጠባጠበ «ቀድመሽ ብታስረጂን ኖሮ» ሲሉ አስረድቼ ነበር ልላቸው አፌን ከፈትኩና ሽበታቸውን አይቼ ዘጋሁት። ሽቦውን ከመድረኩ አውርጄ ወጥ ቤት መለስኩት፣ አሰርኩት፣ አፈር መለስንበት። ቃሌ ቃል ነውና ጎንበስ አልኩ። ሳልደርስ ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ንዴቴ ግን አብሮ አልተቀበረም፤ ዛሬም አለ።

አክስቴ ከሆስፒታል ስትወጣ እኔ ቤት አመጣኋት። ቤቴን መስመር በመስመር በገዛ እጄ የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ ግራውንዱን መርምሬ፣ እንደገና መርምሬ ነው የገባሁበት። ጣቶቿ ቀስ በቀስ መታጠፍ ጀምረዋል፣ ብርጭቆ ትይዛለች። አንድ ጠዋት እጇን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ስትሄድ ከኋላዋ ሆኜ አየኋት። ከመክፈቷ በፊት፣ ኮረንቲ ቢኖር ጣቶቿ ጨብጠው እንዳይቀሩ፣ የእጇን ጀርባ በቀስታ አስጠጋችና ነካ አድርጋ ቶሎ መለሰችው። ከዚያ የማቀዝቀዣውን በር እንደዚያው። ከዚያ የብረቱን በር እጀታ።

«አክስቴ፣ ይሄን ቤት እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ» አለችኝ፣ እጀታውን በእጇ ጀርባ እንደገና እየነካች።