የጋሽ ይልማ አምስት ብልቃጦች

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሁለት ሠራተኞች አንድ የእንጨት ሣጥን አምጥተው በምሠራበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ወለል ላይ አስቀመጡና ሄዱ። የተማርኩበት ትምህርት ቤት አሮጌ ክፍሎቹን ሲያፈርስ የተረፈውን ዕቃ ለእኛ ልኮ ነው። ክዳኑን ስከፍተው የአረቄ ሽታ ወጣ። ደከም ያለ ነው፤ ከሥሩ ጨውና አሮጌ እንጨት ይሸታል። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ይልማ የትምህርት ቤታችን የቤተ ሙከራ ዕቃ ክፍል ጠባቂ ነበሩ። የገሳይ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ገብተው ምጽዋ ብዙ ዓመት ኖረዋል። መንግሥት ሲለወጥ ወደ አገር ቤት ተመለሱ። ሌላው ብርድ ልብስና ሬዲዮ ተሸክሞ ሲመጣ እሳቸው ያመጡት አምስት ብልቃጥ ነው። ክርኑ የሳሳ ሰማያዊ ሹራባቸውን በጋ ከክረምት አያወልቁትም። ሰኔ ላይ ግቢው ውሃ ሲያቁር ልጆቹ፣ «ካፒቴን! መርከብዎ ደረሰ!» እያሉ ይጮሁባቸዋል። እሳቸውም በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ገና መልሕቅ አልጣለችም፤ እናንተ ክፍል ግቡ» ይላሉ።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ልማር ከአንበሳሜ ደብረ ታቦር መጥቼ ከአክስቴ ቤት ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት የምቆምበት ቦታ አልነበረኝም፤ ስለዚህ የዕቃ ክፍሉን ግድግዳ ተደግፌ ደወሉን እጠብቃለሁ። አንድ ቀን በሩን ከፈቱና፣ «ከቆምሽ አይቀር ይሄን ያዥልኝ፣ ልጄ» ብለው አንድ ብልቃጥ ሰጡኝ። ውስጡ እሾሃም ድቡልቡል ነገር አለ።

«ኮሸሽላ ነው» አልኩ።

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከአጥሩ ሥር የኮሸሽላ ራስ በሹራባቸው እጅጌ ይዘው ቆርጠው መጡና ከብልቃጡ ጎን አስቀመጡት። እውነትም ይመሳሰላሉ። «ያኛው ተክል፣ ይሄኛው እንስሳ። የባሕር ጃርት ይባላል። በሕይወት ሳለ እሾሁን ወዲያ ወዲህ ያንቀሳቅሰዋል። አሁን መልኩን ተይውና ቁጠሪ» አሉኝ። እሾሁ የረገፈ የጃርት ቅርፊት ከመሳቢያ አውጥተው ወደ መስኮቱ አነሡት። ከአናቱ እስከ ሥሩ በመርፌ የተበሳሱ የሚመስሉ መስመሮች አሉት፤ ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ይገባል።

«አምስት» አልኩ። በዚያ ግቢ ሳልጠየቅ የተናገርኩት ያን ዕለት ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ በየእረፍቱ ቆጠርን። የባሕር ኮከብ አምስት ክንዶቹ ከመሐሉ ሳይለዩ እየሰፉ ይወጣሉ። ተሰባሪ ኮከብ የሚባለው ዘመዱ ግን መሐሉ እንደ ቁልፍ ክብ ነው፤ ክንዶቹ ቀጫጭንና ለብቻቸው የተሰኩ ይመስላሉ። ላባ ኮከብን ሃያ ብዬ ስቆጥር፣ «ከሥሩ ጀምሪ» አሉኝ፤ ለካ ቅርንጫፎቹ ሁሉ የሚነሡት ከአምስት ነው። መጨረሻ ላይ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ክንድም እሾህም የሌለው ነገር ሰጡኝ።

«ይሄስ ትል ነው።»

ብልቃጡን ቀስ ብለው አዞሩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቃቅን እግሮች ተሰልፈዋል። ቆጠርኩ፤ አምስት ረድፍ።

«የባሕር ኪያር ነው። ያየው ሁሉ ከትል ይደምረዋል። ዘመዶቹ ግን እነዚህ ናቸው» አሉና ከአራቱ መሐል አስቀመጡት። ያን ብልቃጥ መወልወል የእኔ ሥራ ሆነ።

ፈሳሹ በየጊዜው ይተናል። ፎርማሊን የተባለውን ማቆያ የእንስሶቹን አጥንት ይበላል ብለው አይጠቀሙበትም፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ አልኮል አይገዛም። ስለዚህ ጋሽ ይልማ ከገበያ ዳግም የሚባለውን፣ ሁለት ጊዜ የወጣ ጠንካራ አረቄ ገዝተው ይጨምሩበታል፤ እኔ ብልቃጡን እይዛለሁ። አንድም ቀን ሲቀምሱት አላየሁም። «እኔን ጨጓራዬ አያስጠጋኝም፤ እነሱ ይጠጡልኝ» ይሉ ነበር።

አንድ ሰኞ እንደ ልማዳችን ሞልተን ስንጨርስ አዲሱ ርእሰ መምህር ዘበኛውን አስከትለው ገቡ። አሸተቱ። ከጠረጴዛው ሥር ግማሽ የቀረውን ጠርሙስ አነሡ።

«ጋሽ ይልማ፣ በሥራ ሰዓት?»

«ለእነሱ ነው» አሉ ጋሽ ይልማ፣ ወደ ብልቃጦቹ እያመለከቱ።

«ዓሦቹ ናቸው የጠጡት?» ዘበኛው ሳቀ። በር ላይ የተሰበሰቡት ልጆችም ሳቁ። «ይሄን ያየ ሰው አለዎት?»

እኔ ከመደርደሪያው ጎን ነበርኩ። እጄ ገና እርጥብ ነው፤ አረቄ አረቄ ይሸታል። ጋሽ ይልማ ወደ እኔ አልዞሩም። ቢያዩኝ መናገር ግድ እንደሚሆንብኝ ያውቃሉ። እጄን ከሹራቤ ውስጥ ደበቅኩና መሬት መሬት አየሁ።

በዚያው ሳምንት ሰካራም ተብለው ከሥራ ተሰናበቱ። ወደ ገሳይ ሲሄዱ ብልቃጦቹን አልወሰዱም። ከደብረ ታቦር ገሳይ በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ዛሬ ነገ ስል አልሄድኩም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ሣጥኑን እንደገና ከፈትኩት። አምስቱም አሉ። የኪያሩ ፈሳሽ ግን ከግማሽ ወርዶ ጀርባው መድረቅ ጀምሯል። ውስጥ የገባችው ወረቀት በእርሳስ የተጻፈች የእሳቸው የእጅ ጽሑፍ ናት፦ «የባሕር ኪያር። ምጽዋ። አምስት ረድፍ።» መጋዘን ሄጄ ጠየቅኩ፤ አልኮል ካለቀ ወር አልፎታል፤ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ገበያው ዳር ካለው አረቄ ቤት ገባሁ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንድ ጠርሙስ ዳግም ስጠይቅ አንደኛው ቀና ብሎ፣ «እህት ዓለም፣ የዓርብን ፆም በዚህ ልትይዢው ነው?» አለ። ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ መሬት ሄደ፤ መለስኩት።

«ለእኔ አይደለም። ለባሕር እንስሳ ነው፤ እንዳይበላሽ።»

«ዓሣ ሊጠጣው!» ሳቁ።

«አዎ» አልኩ። «ጋሽ ይልማ የሚባሉ የገሳይ ሰው ነበሩ። ሰካራም ተብለው ከሥራ ወጡ። አንዲት ጠብታ አይቀምሱም ነበር። ሲጨምሩ ብልቃጡን የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ፤ አይቻለሁ።»

ባለቤቷ ጠርሙሱን በጋዜጣ ልትጠቀልልልኝ ስትል እንዲሁ እንድትሰጠኝ ነገርኳት። ነጠላዬንም ሳልጥልበት፣ በእጄ እንደያዝኩት፣ በዋናው መንገድ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።