ማንም ያልነካው ማሽን

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ድሮ ተማሪዬ ነበር። ሽቦ መላጥ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በተሾመ ማግስት “እርስዎ” ማለቱን ትቶ “አንቺ” ይለኝ ጀመር።

በላቦራቶሪያችን አንድ ማሠልጠኛ ማሽን አለ፤ ዕቃ የሚያጓጉዝ ትንሽ ቀበቶ፣ ቀለም የሚለይ ሴንሰር፣ በአየር ግፊት የሚሠራ ፒስተን፣ ሁሉንም የሚያዝ መቆጣጠሪያ። ከመጣ ጀምሮ ላስቲኩ አልተገፈፈለትም። እኛ ጋ ጥሩ ዕቃ የሚቀመጠው ለእንግዳ ነው።

ዘንድሮ የሚመረቁት ልጆች በዚህ ማሽን ማንጎን በብስለቱ የሚለይ ሥራ አቀዱ። ሳትመረቁ ማሽኑን በእጃችሁ ታሠሩታላችሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ከጫኖ ገበያ አንድ ፌስታል ሙሉ ማንጎ፣ ጥሬም የበሰለም፣ ይዘው መጡ። እኔ ኃላፊውን ላስፈቅድ ሄድኩ።

“ቢያበላሹትስ? ማን ሊጠየቅ ነው?”

“ሳይበራ ከቆየም ይበላሻል። ፕሮግራሙን የሚይዝለት ባትሪ ያልቃል፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ የለንም።”

“አይ እማማ! መጀመሪያ የትምህርት ጥራት ገምጋሚዎቹ መጥተው ይሂዱ፤ ከዚያ እንደፈለግሽ።”

አጠገቡ የተቀመጠችው ጸሐፊው ሳቀች። እሷንም አልረሳኋትም።

ማንጎው ጠረጴዛ ላይ በሰበሰ። ከልጆቹ አንዱ “ቲቸር፣ ሴንሰሩ ባይለየውም ዝንቡ ለይቶታል” አለ። ሳቅን፤ እኔ ቶሎ አቆምኩ።

ገምጋሚዎቹ የመጡ ዕለት ኃላፊው ራሱ ላስቲኩን ገፎ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነ። መቆጣጠሪያው ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፤ ቀበቶው ግን ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ተጫነ። ከዚያ በእንግዶቹ ፊት ወደ እኔ ዞረ።

“ማነው የነካው?”

“ማንም።”

ያመነኝ የለም። ተማሪ ያስነካችው እሷ ናት ተባለ፤ ወቀሳው በእኔ ላይ አረፈ። ባትሪው አልቆ ፕሮግራሙ ጠፍቷል፤ የሚመልስልንም አልተገኘም። ማሽኑን መልሰው ላስቲክ አለበሱት።

የተግባር ፈተናውን በወረቀት ሰጠሁ። ማሽኑን ሥሉና አሠራሩን አስረዱ አልኩ። ሁሉም አሳምረው ሣሉ፤ መስመር አልተዛነፈባቸውም። ይህ የበለጠ አቃጠለኝ። ከሁሉም ጎበዟ ልጅ ወረቀቷን ስታስረክበኝ ጠጋ አለች።

“ቲቸር፣ ፒስተኑ ሲገፋ ድምፅ አለው?”

“አለው።”

“ምን ዓይነት?”

በአፌ አስመሰልኩላት። ራሷን ነቅንቃ ወጣች። ማሽኑን ሳትነካ በሐምሌ ተመረቀች።