ኩርባው ላይ የቆሙት አጋዘኖች

ሰፈሩ ሁሉ ካቦ ነው የሚለው። የተበላሸ መኪና የሚጎትትበት የብረት ገመድ መጠሪያ ስሙ ሆኖ ቀረ፤ ሚስቱ እንኳ ካልተቆጣች በስተቀር በስሙ አትጠራውም። ፀጉሩ የሸበተው በዚሁ ሥራ ነው። ከገደል፣ ከቦይ፣ ከግንብ ሥር የሰው መኪና ሲያወጣ ኖሯል። ጨዋታም ያውቃል፤ ባለመኪናው ካለቀሰ «አይዞህ፣ እሷ ብረት ናት፣ አንተ ተረፍ እንጂ» ይለዋል። በዚያ ዓመት ግን ጨዋታው እየነጠፈ መጣ።

ነገሩ የአጋዘኖቹ ነው። ከከተማው ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ ጫካ ያቋርጣል። ከጫካው ማዶ ድንጋይ የሚፈጭ ድርጅት ገብቶ ዛፉን ይመነጥር ጀመር፤ አጋዘኖቹም መሄጃ ቢያጡ ወደ አስፋልቱ ወጡ። ድሮ መብራት ሲያዩ እግሬ አውጪኝ ይሉ ነበር። አሁን አይሮጡም። ካቦ የተጨራመተ መኪና ሊያነሳ በሄደ ቁጥር ዛፎቹ መሃል ቆመው ያያቸዋል፤ ሞተር ቢያጓራ፣ ሰው ቢጮህ ንቅንቅ የለም። ለባልደረቦቹ ቢያወራ ሳቁበት። ለሚስቱ ቢነግራት ልጃቸውን እንዳያስፈራራት አስጠነቀቀችው።

ልጃቸው ነርስ ናት፤ በዚያው መንገድ ነው የምትመላለሰው። ሆዱ አልችል ብሎት ነገራት። አጋዘን ፊትሽ ከገባ ፍሬን ያዢ እንጂ መሪ እንዳትጠመዝዢ፣ ከዛፍ አጋዘን ይሻልሻል አላት። ነፍስ ያለውን ነገር ግጪ ትለኛለህ እንዴ ብላ ተቀየመችው።

አንድ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ እሱ የሚሠራበት የመኪና መጎተቻ ድርጅት ስልክ ተቀባይ ደወለችለት። የጫካው መንገድ ኩርባ ላይ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መኪና ዛፍ ገጭታ መቆሟን አላፊ ሹፌር ተናግሯል አለችው። መኪናዋ የማን እንደሆነች አታውቅም። የካቦ ልጅ የምትነዳውም ትንሽ አረንጓዴ መኪና ነው። የልጁን ስልክ ሞከረ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። እየደጋገመ እየደወለ ነዳ።

ሲደርስ የመኪናዋ አፍንጫ ግንዱ ላይ ተጣብቋል። በሩ ተከፍቷል፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ስልኳ ወለሉ ላይ ይጮሃል፤ የሚደውለው እሱ ራሱ ነው። ስሟን ሊጠራ አፉን ሲከፍት ከቦዩ ማዶ ድምጿ መጣ።

«አባዬ፣ ቀስ ብለህ ና። አልሄዱም።»

እጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ዛፍ ተደግፋለች። ከኋላዋ አጋዘኖቹ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው በብርዱ ይጨሳል። አይግጡም፣ ጆሯቸውንም አያነቃንቁም። እሷን ደግፎ መጎተቻ መኪናው ውስጥ እስኪያስገባት ድረስ ጀርባውን ሊሰጣቸው አልደፈረም።

የእጇ አጥንት ተሰንጥቆ በጀሶ ታሰረ። የቀረው የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው። ውሉ አጋዘን ለገጨ ይከፍላል፤ ከአጋዘን ሸሽቶ ዛፍ የገጨ ግን የራሱ ጥፋት ነውና አይከፈለውም። በማግስቱ ጠዋት ካቦ መኪናዋ ወደቆመችበት ግቢ ሄደ። መጎተቻው መንጠቆ ላይ ከሌላ መኪና የተረፈ የአጋዘን ፀጉር ተጣብቆ ነበር። ቆንጠር አደረገና የተሰበረው የፊት መብራት ስንጥቅ ውስጥ ሸጎጠው። ቀና ሲል ልጁ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

ከኢንሹራንሱ የመጣችው ጉዳት ገማች ካቦን በሥራ ለዓመታት ታውቀዋለች፤ ጋሼ ነው የምትለው። መኪናዋን ዞረች፣ ፎቶ አነሳች፣ መብራቱ ዘንድ ቁጢጥ ብላ ቆየች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«እህቴ፣ አጋዘኑን መትተሽዋል?»

ልጅቷ አባቷን አላየችውም። «አልነካሁትም። ልሸሸው ስል ነው ዛፉን የገጨሁት።»

ገማቿ ፀጉሩን በሁለት ጣቷ መዛ አወጣችና ካቦ መዳፍ ላይ አኖረችው። «ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ነው» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ካቦን የቆረጠው ይኸው አለመቆጣቷ ነው።

ካሳው ቀረ። ያ ኢንሹራንስም ከዚያ ወዲያ ካቦን ለሥራ አልጠራውም። ቤት ውስጥ ማንም ነገሩን አላነሳበትም። ልጁ ማዕድ ላይ «ያንን አቀብለኝ፣ ይህን ብላ» ትለዋለች፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ ግን ጠፋ። እሷ በአውቶቡስ መሄድ ጀመረች። እሱ ደግሞ ቀኑ ሲደነግዝ ሥራ አለኝ እያለ ይወጣና ኩርባው ላይ መኪናው አናት ላይ ያለውን ተሽከርካሪ ቢጫ መብራት አብርቶ አውቶቡሷ እስክታልፍ ይቆማል።

ቆይቶ ድንጋይ ፈጪው ድርጅት ከመንገዱ ወዲህ ያለውንም ጫካ ይመነጥር ገባ። ካቦ አሁንስ አጋዘኖቹ ይሄዳሉ ብሎ ነበር። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ግን ሲደርስ ከዛፎቹ መሃል ወጥተው አስፋልቱ ዳር አገኛቸው፤ በወዲያም በወዲህም። የአውቶቡሷ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ጥሩምባውን ተጭኖ ያዘው። አንዱም አልሸሸም። አውቶቡሷ ፍጥነቷን ቀንሳ በመሃላቸው እየተሳበች አለፈች። ልጁ በመስኮት አየችው፤ በደህናው እጇ ሰላም አለችው። ከዚያ ጉዳይ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

እጁን ከጥሩምባው አነሳ። መንገዱ ጭር አለ። መብራቱ ሲዞር አንደኛው አጋዘን ከዳሩ ወረደ፤ መብራቱ ዞሮ ሲመለስ ካቦ የተቀመጠበት መኪና በር አጠገብ ደርሷል።