እለፊ ያሉኝ አባት

ነገሩ የሆነው በ2001 ዓ.ም. ክረምት፣ በሐምሌ መድኃኔዓለም ዕለት ነው። ልጄ ዛሬ በሕይወት ያለው አንድ የማላውቃቸው አባት መንገድ ስለለቀቁልን ነው። ስለዚህ ያቺ ቀን ከልቤ አልወጣችም።

ያን ጊዜ ቦሌ ውስጥ ሕንፃ የማይሠራበት ቦታ ማግኘት ይቸግር ነበር። ቦሌ መድኃኔዓለም ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ዓመት ያልሞላውን ልጄን አዝዬ ወደ ታክሲ መያዣው እሄዳለሁ። ዝናቡ ያካፋል። አንድ ጅምር ሕንፃ የእግረኛውን መንገድ በቆርቆሮ አጥሮታል። በሌላው በኩል መንገዱ ለቱቦ ተቆፍሮ ጉድጓዱን ውኃ ሞልቶታል። በመካከል የቀረችው መተላለፊያ ጭቃው ላይ የተጋደመች አንድ ጣውላ ናት። ሁለት ሰው አታሳልፍም። ከበላይዋ ግንበኞች የሚወጡበት የባሕር ዛፍ ርብራብ ቆሟል።

እኔ ከወዲህ ጫፍ ስደርስ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ከወዲያ ጫፍ ደረሱ። እንዲያልፉ ብዬ ቆምኩ። እርሳቸውም ቆሙ።

“አንቺ እለፊ፣ ልጄ።”

“ኧረ አይሆንም አባቴ፣ እርስዎ ይለፉ።”

ልጅ አዝዬ ዝናብ ላይ መቆም እንደሌለብኝ ነገሩኝ። እኔም ሽማግሌ አስቁሜ እንደማላልፍ ነገርኳቸው። እንዲህ ስንግደረደር ከኋላቸው ሰው ተሰበሰበ። ሱፍ የለበሰ አንድ ወጣት ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ፣ “ፋዘር፣ ግብዣውን ቤታችሁ አድርጉት፣ እኛ ሥራ አለን” አላቸው። ሰዉ ሳቀ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ፈገግ ብለው ከዘራቸውን ሰበሰቡና ወደ ጎን ቆሙልኝ።

“በሞቴ፣ እለፊ።”

አለፍኩ። ጫፉ ላይ ስንተላለፍ የልጄ እግር ከነጠላው ወጥቶ ዝናብ ሲመታው አዩ። መልሰው ሸፈኑትና “እደግ” አሉት። ከዚያ እርሳቸው ጣውላዋ ላይ ወጡ።

ጥቂት እንደተራመድኩ ከኋላዬ እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። መሬቱ በዝናብ ርሶ መሸከም ስላቃተው ርብራቡ ተደርምሷል። ስዞር ጣውላዋም፣ እርሳቸውም አይታዩም። ሌላ የተነካ ሰው የለም።

ያ ወጣት ከነሱፉ ጭቃው ውስጥ ገብቶ እንጨት ያነሳ ጀመር። “አባባ፣ አባባ” ይላል። እጁ እስኪደማ አነሳ። ሲያወጧቸው ግን አርፈው ነበር።

የሕንፃው ዘበኛ ያውቃቸው ኖሮ፣ ስማቸው አቶ ደገፋ እንደሚባልና ቤታቸው ከሾላ ገበያ ጀርባ እንደሆነ ነገረኝ።

ዛሬ ልጄ ትምህርት ቤት ለመሄድ ጫማውን ሲያጠልቅ እግሩን አያለሁ። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። አቶ ደገፋ ቀድመው ቢያልፉ ኖሮ ከእንጨቱ ሥር የምንገኘው እኛ ነበርን። እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ቃላቸው እሺ ብዬ ባልፍ ኖሮ፣ ርብራቡ ሳይወድቅ ይሻገሩ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው፣ ይህን መመዘን የእኔ ሥራ እንዳልሆነ ነግረውኝ ጸልዪላቸው አሉኝ። እጸልያለሁ። ስመ ክርስትናቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ናት።

በአደጋው ማግስት ጠዋት ልጄን አዝዬ ወደ ለቅሶው ሄድኩ። ድንኳኑ በር ላይ ስደርስ መግባት ፈራሁ። ልጃቸው ጥቁር ለብሳ ወጣች። አባቷ ከማንም ጋር ቃል ሳይለዋወጡ፣ ብቻቸውን ጭቃ ውስጥ እንደሞቱ ነበር የተነገራት። አብሬያቸው የነበርኩት እኔ ነኝ አልኳት። ስለ ጣውላዋ፣ ስለ መግደርደራችን፣ ስለ ልጄ እግር አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ።



“እሱ እንደዛ ነው” አለች። “እኛን ልጆቹን እንኳ ሳያስቀድም ገብቶ አያውቅም። እናቴ ‘አንተ ሰውዬ፣ ወጡ ቀዘቀዘ፣ ግባ’ እያለች ስትጨቃጨቅ ነው የኖረችው።”

ከዚያ የድንኳኑን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ያዘችልኝ።

“አንቺ እለፊ። ልጅ አዝለሻል።”

ሳልግደረደር አለፍኩ።