ያልተለካው ክንድ

ቆዳ ሠሪውን ሰፈሩ «አባ ልኬ» ይለዋል። በጀርባ የሚታዘል የፍላጻ ኮሮጆ ሊያሠራ የመጣን ሁሉ፣ ገና ሳይቀመጥ «እስቲ ጣራውን ንካልኝ!» ይለዋል። ቁም ነገር አለው። ፍላጻ ከኮሮጆው የሚወጣው ክንድ ወደ ላይ የተዘረጋውን ያህል ነው። ኮሮጆው ከዚያ ከጠለቀ ፍላጻው አፉ ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ ካጠረ ደግሞ ባለቤቱ ጎንበስ ባለ ቁጥር ይዘረገፋል። ስንቱን ጎረምሳ ጣራ ሲያስቧጥጥ ኖረ!

አንድ ልጁን ግን ከታመመች ወዲህ ለክቷት አያውቅም። ቀስተኛ ነበረች። የቀኝ ክንዷ መዛል ሲጀምር ሐኪሙ የክንዷ ኃይል እንደማይመለስ ነገራቸው፤ አባት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«አባዬ፣ ፍላጻው አልወጣልኝም» አለችው አንድ ቀን።

«ቆዳው ነው፣ የኔ ልጅ። አጥልቄዋለሁ።»

ከኮሮጆው አፍ ሁለት ጣት ያህል ቆረጠላት። ሌላ ጊዜ መጣች፤ ደግሞ ቆረጠ። ይህን ሲሠራ ፊቱ ይበራ ነበር፣ ምስኪን! በመቀስ የሚድን በሽታ ያገኘ መሰለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ስትል ፍላጻዎቹ በሙሉ ወለሉ ላይ ተዘረገፉ። አባት ተንበርክኮ ሲለቅማቸው ላባቸው አቧራ ለብሶ አየ።

«ለመጨረሻ ጊዜ የወረወርሽው መቼ ነው?»

«ቆየ። ቀስቱን መሳብ ካቃተኝ ክረምት አለፈ።»

«ታዲያ ምን አስቆረጠሽ?»

«ስትቆርጥ ደስ ይልህ ነበር፣ አባዬ።»

ለካ እሱ ሲያባብላት፣ እሷ ነበረች የምታባብለው። ተነስቶ አዲስ ቆዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ እጁ ሥራ ካልያዘ አያርፍም። ሜትሩን ሲያነሳ አፉ እንደለመደው፣ «እስቲ ጣራውን...» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

እሷ ግን ሰምታዋለች። ጀርባዋን ሰጥታው ቆመችና ክንዷን አነሳች። እየተንቀጠቀጠ ወጣ፣ ወጣ፣ ጆሮዋ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ድረስ ነው» አለች።

አባ ልኬ ሜትሩን ትከሻዋ ላይ አስደግፎ፣ ክንዷ እስከቆመበት ድረስ ለካ። ቁጥሩን ማንበብ አልቻለም፤ እንባው ጋርዶታል። ክንዷን ሳታወርድ ጠበቀችው።