እንዝርቴና ጠመንጃ ጠጋኙ

ቆዩማ፣ ሳቄ ይለፍልኝ! ዋናው ነገር መጨረሻው ላይ ስለሆነ ታገሱኝ። በደርግ ጊዜ ነው። ላንቴ ቀበሌ ያለውን የወንድሜን ሙዝ ከርከሮ ሊጨርሰው ሲል፣ የገበሬ ማኅበሩ ረጃጅም ከባድ ጥይትና ሁለት ጠመንጃ ሰጠውና «አንዱን እስከ ማታ መርጠህ ሌላውን መልስ» አለው። ጠመንጃዎቹ ደግሞ ቁርጥ መንትያ! አርባ ምንጭ ወደሚኖሩ ሽማግሌ ጠጋኝ ይዘናቸው ሄድን።

ሽማግሌው ጠመንጃውን ትተው የኔን ዘንቢል አዩ። «ጥጥ አለሽ፣ ልጄ?» አሉኝ። ሰጠኋቸው። በዘንግ ጫፍ ጠቅልለው አፈሙዙ ውስጥ ሲገፉት ዘንጉ እጃቸው ላይ በራሱ ዞረ! በአንደኛው ጠመንጃ አንዴ፣ በሌላው ሁለቴ።

«ውስጡ የተጠመዘዘ ቦይ አለ፤ ጥይቱን የሚያሾረው እሱ ነው። ለአጭርና ለቀላል ጥይት አንዴ የሚያዞረው ይበቃል። የናንተ ረጅም ነው፤ ሁለቴ የሚያዞረውን ውሰዱ።»

ወንድሜ «በምን አምናለሁ?» ብሎ ፊቱን አጨማደደ። ሽማግሌው ከዘንቢሌ እንዝርቴን አንስተው ቀስ አድርገው አሾሯት፤ ተንገዳግዳ ወደቀች። አፍጥነው አሾሯት፤ ቀጥ ብላ ቆመች። «ረጅም ጥይትም እንደሷ ነው» አሉ። እኔማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ወንድ እንዝርት እንዲህ ሲያሾር የት አይቼ!

ከሽማግሌው ጋር ከከተማ ወጥተን ጣውላ ላይ ሞከርን። አንዴ በሚያዞረው ጥይቱ በጎኑ ገባ፤ ሁለቴ በሚያዞረው ግን ክብ ቀዳዳ! እልል ብዬ ዞር ስል ሽማግሌው የሉም። ለካ ጆሯቸውን በኔ ጥጥ ደፍነው ከዛፍ ጀርባ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት በውትድርና ቆዩ?» አልኳቸው።

ጥጡን ከጆሯቸው አወጡና፣ «የምን ውትድርና? ሸማኔ ነበርኩ፤ ተኩሼ አላውቅም፣ ድምፁን እፈራለሁ!»