ቦራ ድምፁን እንዳይሰማ

ፍቅሬን ሀዋሳ የምታውቀው በድምፁ ነበር። አሮጌ ገበያ የጋሪ ተራ ሆኖ ሲጮህ ፒያሳ ድረስ ይሰማል ይሉ ነበር። ከድምፁ ቀጥሎ የሚታወቀው በእጁ ነው። ደርግ ወድቆ ከወታደርነት ከተበተነ ጀምሮ በዚያ ተራ ያልተማታው ሰው የለም። የአንዱን ጥርስ አውልቋል፣ የሌላውን ጭንቅላት ከጋሪ እንጨት ጋር አጋጭቶ ፈንክቷል፣ ራሱም በጩቤ ተወግቶ ሆስፒታል ተኝቷል። የሚማታው ሰው ሲያጣ ፈረሱን ይመታል።

ፈረሱ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ነው። በደኅና ዘመኑ ስድስት ኩንታል ሲሚንቶ የጫነ ጋሪ እየጎተተ ከሐይቅ ዳር ዳገቱን ይወጣ ነበር። ባጃጅ ከተማውን መሙላት ስትጀምርና ጋሪ ከአስፋልት ሲከለከል ግን ቦራ አርጅቶ ነበር። ጉልበቱ ያብጣል፣ ጭድ ሲያኝክ ግማሹ ከአፉ ይፈሳል።

ያረጀ የጋሪ ፈረስ መጨረሻው የታወቀ ነው። ሲመሽ ከጥቁር ውኃ ወንዝ ማዶ ይወሰድና ይለቀቃል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ከቦራ በፊት የነበረችውን ባዝራ ፍቅሬ ያደረጋት ይህንኑ ነው። ባዝራይቱ ግን ለቋት ሲመለስ ተከተለችው። ጮኸባት፣ አልቀረችም። ድንጋይ አንሥቶ ግንባሯን መታት፤ ቆም ብላ አየችውና እንደገና ተከተለችው። ዓይኗ እስኪፈስ ወረወረባት። ከዚያ በኋላ ነው የቀረችው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ቦራን ግን እዚያ እንደማይወስደው ለራሱ ምሎ ነበር። ወዴት እንደሚወስደው ግን አያውቅም።

መላ ያመጣለት ፀጉር ቆራጩ ሙሴ ነው። የሙሴ አጎት አቶ ዱካሞ ገጠር ያሉ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው። እግራቸው ስለደከመ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ በዓል የሚቀመጡበት ረጋ ያለ ፈረስ ይፈልጋሉ። ሣራቸው ሰፊ ነው፤ ፈረስ እዚያ ከገባ እስኪሞት ይጦራል። ሽማግሌው ግን የፈረስ ነገር በወሬ አይገባቸውም። ለእንስሳት ጤና የሚሠራ አንድ ድርጅት ሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ የፈረስ ትርኢት እንደሚያዘጋጅ ሰምተው፣ ለሙሴ እንዲህ ብለውት ነበር፦ እዚያ ላይ አንተ ራስህ ተቀመጥበት። ፈረስ ላይ ወጥቶ የማያውቀውን አንተን ሳያዋርድ ከተሸከመ እኔንም ይሸከማል፤ ካዋረደህ እንዳታመጣብኝ።

ትርኢቱን የምትዳኘው የእንስሳት ሐኪሟ ወንጌላዊት ባለ ጋሪዎቹን ሰብስባ የምታየውን ነግራቸዋለች። ኮቴ ታያለች፣ አፍ ታያለች፣ ቁስል ታያለች። መጨረሻ ላይ ባለቤቱ ፈረሱን ልጓሙን ይዞ እየሳበ ይዞርና፣ እሷ እጇን ከፈረሱ ራስ በላይ ታነሣለች። የደነገጠ ፈረስ የተደበደበ ፈረስ ነውና ከትርኢቱ ይወጣል። ባለ ጋሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ሁሉም ዞረው ያዩት ፍቅሬን ነበር።

ልምምዱን ከአሞራ ገደል አለፍ ብሎ ባለው ሜዳ ጀመሩ። ቦራ በሕይወቱ ሰው ጀርባው ላይ ወጥቶ አያውቅም። ኮርቻ ሲጫን ጋሪው የት ሄደ የሚል ይመስል ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ሙሴ ከድንጋይ ላይ ተንጠላጥሎ ወጣና ጋማውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ይሄ የፀጉር ቤት ወንበር አይደለም፤ ጭንህን ግጠም» አለው ፍቅሬ።

ቦራ አልተንቀሳቀሰም። ፍቅሬ የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በአለንጋ ላጠው። ፈረሱ ተስፈንጥሮ ሙሴን በአፍጢሙ ደፋው። ሙሴ አፈር እየተፋ ተነሥቶ እንደገና ወጣ። በሁለተኛው ቀን ከንፈሩ ተሰነጠቀ፤ የሚላጩ ደንበኞቹ ማን መታህ እያሉ ሳቁበት። ፈረሱም አልቀለለትም። ፍቅሬ እጁን እንዲለምድለት ብሎ ከራሱ በላይ እጁን ያነሣል፤ ቦራ ራሱን ሲያሸሽ በጥፊ ይመታዋል፤ እንደገና ያነሣል። እንዲህ አድርጎ የለመደ ፈረስ እንደሌለ ሙሴ ሊነግረው ቢሞክር ስለ ምላጭህ አስብ ተባለ።

በሦስተኛው ቀን ቦራ ሙሴን ጣለና ሸሸ። ፍቅሬ ጥግ አስይዞ ያዘው። የልጓሙን ሰንሰለት ቡጢው ላይ ጠምጥሞ አፉን መታው፤ ደገመው። ደም ከአረፋ ጋር ተደባልቆ የፍቅሬን እጅጌ አለበሰው። ፈረሱ መሸሽ ትቶ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ ምቱን ይጠብቃል። ሙሴ እያነከሰ መጣ። አለንጋውን ከመሬት አነሣና ፍቅሬን ከአንገቱ እስከ ጉንጩ ገመሰው። ፍቅሬ ሲዞር ደገመው፣ ሦስተኛም ጨመረው። ከዚያ ፍቅሬ ደረሰበትና በግንባሩ አፍንጫውን መታው። ተያይዘው ወደቁ። እርስ በርስ ሲደባደቡ፣ ሲናከሱ፣ አፈር ሲቅሙ ቆይተው ሁለቱም ጉልበታቸው ሲያልቅ በየፊናቸው ተጋደሙ። ቦራ ራቅ ብሎ ሣር ይግጥ ነበር።

ሙሴ ይቀራል ብሎ ፍቅሬ እርግጠኛ ነበር። በማግስቱ ግን አፍንጫው አብጦ መጣ። ሰላምታ ሳይለዋወጡ ኮርቻውን ሲያጠብቁ ሙሴ ዝንብ ሊያባርር እጁን አነሣ። የፍቅሬ ትከሻ በራሱ ጊዜ ሽምቅቅ አለ፤ አንገቱ ከአንገትጌው ገባ። ሙሴ አየው። ፍቅሬም ሙሴ እንዳየው አየ። ከጎናቸው የቆመው ፈረስም በዚያው ቅጽበት ጆሮውን አጥፎ ራሱን አሽሽቶ ነበር። ሰውና ፈረስ አንድ ዓይነት ሆነው ቆሙ።

ፍቅሬ አንገቱ ላይ ያበጠውን የአለንጋ መሥመር እየዳሰሰ ወደ ሐይቁ ሲያይ ቆየ።

«ጋሼ ፍቅሬ» አለ ሙሴ በኋላ፤ «ቅር አይበልዎትና፣ እርስዎ ውኃ ሊጠጡ ሲሄዱ ይሄ ፈረስ ሌላ ነው።»

«ሌላ ማለት?»

«ይሂዱና ይዩት።»

ሄደ። ሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተደብቆ አየ። ቦራ ትንሽ ቆይቶ አንገቱን ዘና አደረገ። ሙሴ ወጥቶ ተረከዙን ነካ ሲያደርገው እየተጎተተም ቢሆን ተራመደ። ሙሴ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ጆሮው ሲሰድ ቆመለት። ፍቅሬ ጉሮሮውን ከረከረውና ሳል አደረገ። ከዚያ ሁሉ ርቀት ቦራ ጅራቱን ከጭኖቹ መሀል ወሸቀ፤ ቆዳው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ከዋርካው ሥር ይታይ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍቅሬ አልቀረበውም። ፉርሽካውን በጥብጦ ለሙሴ ይሰጣል፣ ኮቴውን በምን እንደሚጠርግ፣ ያበጠውን ጉልበት በምን እንደሚያሽ በሹክሹክታ ይነግረዋል፤ ከዚያ ዋርካው ሥር ሄዶ ይቀመጣል። ሙሴ ፈረሱ ጀርባ ላይ ሆኖ ስለ ደንበኞቹ ሲያወራለት ይሰማል። ቦራ ሶምሶማ መርገጥ ሲጀምር ሙሴ እንደ ጆንያ እየዘለለ ሲስቅም ሰማ። ፍቅሬ ያን ሁሉ ዓመት ለዚያ ፈረስ ከስድብ በቀር አንድ ነገር አውርቶለት አያውቅም። ትርኢቱ ሲቃረብ ወደ ወንጌላዊት ሄዶ ፈረሱን ለሙሴ እንደሰጠውና ባለቤቱ ሙሴ እንደሆነ አስታወቀ።

የትርኢቱ ቀን ሜዳው በሰው ተሞላ። አቶ ዱካሞ ዱላቸውን ተደግፈው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፍቅሬ እንዳይመጣ ሙሴ ለምኖት ነበር፤ ሆኖም መጣ፤ ነፋሱ ጠረኑን ወደ ፈረሱ እንዳይወስድበት ከሐይቁ ወገን፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመ። ሙሴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ቦራ እየተራመደ ዞረ። ሶምሶማ ረገጠ፤ ሙሴ አንድ እርካብ ስቶ ቢንጋደድ ፈረሱ ራሱ ቀዝቀዝ ብሎ ጠበቀው። አቶ ዱካሞ ጎንበስ ብለው ማየት ጀመሩ። ሙሴ ወርዶ ልጓሙን ያዘና ወንጌላዊት ወደ እነሱ ተራመደች።

በዚህ ጊዜ ነው ጠሀ ከፍቅሬ አጠገብ የቆመው። ጠሀ ባለ ጋሪ ነው፤ ፈረሱ ቀደም ብሎ ከትርኢቱ ወጥቶበታል፤ ጥርሱን ያወለቀውም ፍቅሬ ነው።

«የማን ፈረስ የማን ነው ተብሎ ነው የሚታየው?» አለ። «ቆይ፣ ስምህን ጮኬ ልጥራ። ፈረስህን ና በለው፣ ድምፅህን ሲሰማ እንዴት እንደሚሆን ሰዉ ይይ።»

አፉን ሲከፍት ፍቅሬ በመዳፉ ደፈነው። ጠሀ መዳፉን ነከሰው፤ አልለቀቀም። ከሰዉ ኋላ ሐይቁ ዳር ወደበቀለው ደንገል እየጎተተ ወሰደው። የጠሀ ሁለት ጓደኞች ደረሱ። አንዱ በጋሪ ዘንግ የፍቅሬን ክንድ ሲመታው አጥንቱ ጧ ሲል ተሰማ። ጠሀ አመለጠና ሊጮህ ሲል ፍቅሬ በጭንቅላቱ ሆዱን መታው፤ ትንፋሹ ጠፋ። ከዚያ ሦስቱም ወረዱበት። በጫማ ጎኑን ረገጡት፣ ፊቱን ከጭቃው አጣበቁት። ያ ድምፁ ከጉሮሮው እየተገፋ መጣ። አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ነጠላ ጎርሶ ነከሰው። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ነከሰው። ጆሮው ላይ በተረከዝ ሲመቱት ነከሰው። መጮህ የለመደ ሰው ዝም ሲል መቺዎቹም ግራ ገባቸው፤ የሞተ መስሏቸው ሸሹ።

ሰዉ ያጨበጭብ ነበር። ምን እንደሆነ ፍቅሬ ማየት አልቻለም።

ሙሴ ያገኘው ደንገሉ ውስጥ ነው። የተሰበረውን ክንድ አይቶ አጠገቡ ተንበረከከ። ሐኪሟ እጇን ስታነሣ ቦራ ጆሮውን እንኳ አላጠፈም፤ አቶ ዱካሞ ተነሥተው አፍንጫውን ዳስሰውታል፤ ዛሬውኑ ይወስዱታል። ሙሴ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ከነገረው በኋላ ፈረሱን እዚህ ድረስ ላምጣልዎት፣ ይሰናበቱት አለው።

ፍቅሬ ነጠላውን ከአፉ አወጣ፤ ሁለት ጥርስ አብሮ ወጣ።

«በወዲያኛው መንገድ ውሰዱት» አለ በሹክሹክታ። «ጉልበቱን ማታ ማታ በሞቀ ውኃ እሹለት። አሁን ሂድ።»

ሙሴ ሄደ። ፍቅሬ በደኅና እጁ ተደግፎ ቀና አለ። በደንገሉ መሀል ሽማግሌው ዱላቸውን እየተመረኮዙ ቀድመው፣ ቦራ የልጓሙ ዛብ ላልቶ ከኋላ ሲከተላቸው አየ። መንገዱ እስኪያጥፋቸው ድረስ ትንፋሹን ይዞ ቆየ።